ማመልከቻና ምስክርነት

ባለፈው ወር ከዳባት አንድ አባት የጻፉልን ደብዳቤ ደርሶናል። ደብዳቤው አጭር ቢሆንም የያዘው ጥያቄ የብዙ ቤተ ሰብ ጥያቄ ስለ ሆነ፥ መልሱን ለእርሳቸው ብቻ ከምንጽፍላቸው ይልቅ በዚህ ዓምድ ብናወጣው ለሁሉም ይጠቅማል ብለናል። ጸሓፊው እንዲህ ይላሉ፤

«መምህር ሆይ፥ እንደ ምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ሴት ልጄ ፊዚዮቴራፒ የሚባለውን ትምህርት በመጀመሪያ ዲግሪ ጨርሳ በሆስፒታል ሦስት ዓመት ሠርታለች። አሁን ደግሞ ሁለተኛ ዲግሪ ካልተማርሁ ብላለች። አምና ለአንድ ትምህርት ቤት አመልክታ ሳትመረጥ ቀረች። ወንድሟ፥ ‹ማሸት ለመማር ሁለተኛ ዲግሪ ምን ያደርጋል? ይልቅ ከእኔ ጋራ በእህል ንግድ ትግባ› ይላል። እናቷ፥ ‹ዕድሜዋ ሄደ› ትላለች። ልጅቱም ተስፋ ቈርጣ፥ ‹ማመልከቻውን መምህር ይጻፉልኝ፤ እርሳቸው ቃል ያውቃሉ› አለችኝ። ያለፈውን ማመልከቻዋንም አብሬ ልኬልዎታለሁ። ምን ልበላት?»

በአንድ ቤት ውስጥ ሦስት ሰዎች ሦስት ነገር ተናግረዋል፤ አባትም በመካከል ቆመው ይጠይቃሉ። እኛም ለእያንዳንዳቸው በየተራ እንመልሳለን።

ከወንድም እንጀምር። «ማሸት» ያለው ከሙያው የሚታየው እጅ ስለ ሆነ ነው። በአገራችን ወጌሻን የማያውቅ የለም። አጥንት ሲሰበር፥ መገጣጠሚያ ሲወልቅ የሚጠራው እርሱ ነው፤ በብዙ መንደርም ከእርሱ ቀድሞ የሚደርስ የለም። በእጁ ያረፈው ሰው ብዙ ስለ ሆነ ክብር ይገባዋል። ነገር ግን የተሰበረ እግር በቀርከሃ ተጠፍሮ ከመጠን በላይ የጠበቀ እንደ ሆነ ደሙ መመላለሱን ያቆማል፤ ሥጋው ይሞታል፤ በመጨረሻም ሐኪም እግሩን ለመቍረጥ ይገደዳል። ይህ ጕዳት በሆስፒታሎቻችን የታወቀ ነው። እግሩ ወይም እጁ የታሰረ ሰው ጣቱ ከቀዘቀዘ፥ ከጠቈረ ወይም ከደነዘዘ፥ ቤተ ሰቡ ሳይውል ሳያድር እስሩን አስፈትቶ ወደ ሆስፒታል ያድርሰው።

የፊዚዮቴራፒስት ሥራ የሚጀምረው ሌላው ሰው «እንግዲህ ተረፈ» ብሎ በሚሄድበት ቦታ ላይ ነው። አጥንቱ ተገጥሞ ጉልበቱ አልታጠፍ ያለው፥ በአንጎሉ ውስጥ የደም ሥር ተዘግቶ ወይም ፈስሶ ግማሽ አካሉ የወደቀበት፥ ሲወለድ አየር አጥሮት አንገቱን ማቅናት ያቃተው ሕፃን፥ ከገደል ወድቆ ወገቡ የተጐዳው ገበሬ፤ እነዚህ ሁሉ ወደ እርሱ የሚመጡ ናቸው። ባለሙያው የጡንቻን፥ የመገጣጠሚያን፥ የነርቭን፥ የልብንና የሳንባን ሥራ የተማረ ስለ ሆነ፥ በሽተኛው ምን እንደ ጠፋበትና ምን እንደ ቀረለት ይለካል። ከዚያም በተመጠነ እንቅስቃሴ የጠፋውን ችሎታ ለመመለስ፥ የማይመለሰውንም በሌላ ዘዴ ለመተካት ይደክማል።

ሰው ታሞ ሲተኛ ዕረፍት የሚያገኝ ይመስለናል። ዳሩ ግን ሳይንቀሳቀስ የሚኖር አካል ከቀን ወደ ቀን ይጐዳል፤ ጡንቻው ይመነምናል፤ መገጣጠሚያው ይደርቃል፤ ሳንባው አክታ ይይዛል፤ ከመኝታው ጋራ የተጣበቀው ቈዳ ይቈስላል። ራሱን ማገላበጥ የማይችል በሽተኛ ያለበት ቤት በየ2 ሰዓቱ ጐኑን እንዲለውጥለት የሚመከረው ስለዚህ ነው። ይህን የመሰለውን ምክር ለቤተ ሰቡ አስረድቶ፥ አሳይቶና አስለምዶ የሚመለስ ሰው ሥራው ማሸት ብቻ ነው ሊባል አይገባም።

ይህ ሙያ ለእኛ ደጋ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ እናስብ። ከጎንደር ከተማ ተነሥተን በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርገን ደባርቅ እስክንደርስ መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ወዲያ በጃን አሞራና በበየዳ በእግርና በበቅሎ ብቻ የሚደረስባቸው መንደሮች ብዙ ናቸው። በነዚህ ቤቶች ጓዳ ከሞት ተርፎ ከመኝታው ግን ያልተነሣ ሰው አለ። በ2013 ዓ. ም. መጨረሻና በ2014 ዓ. ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት የዳባትንና የደባርቅን አካባቢ በነካ ጊዜ በጥይትና በፍንዳታ አካሉ የጐደለውም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፥ ካለባቸው ሕመም ወይም ጕዳት የተነሣ ይህን የመሰለ የተሐድሶ ሕክምና ቢያገኙ የሚጠቀሙ ሰዎች በዓለም ላይ 2.4 ቢሊዮን ያህል ናቸው። ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ በብዙ አገሮች ግን ለ1 ሚሊዮን ሕዝብ የሚደርሱት የሠለጠኑ ባለሙያዎች ከ10 ያንሳሉ። እንግዲህ ወንድም እኅቱን ወደ እህል ንግድ ሲጠራት፥ ከምን ያህል ጥቂት ሰዎች መካከል እያወጣት እንደ ሆነ ይመዝን።

ደግሞም ይህ ትምህርት ለጎንደር እንግዳ አይደለም። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥሩ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1954 ዓ. ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ የጤና መኰንኖችን፥ የኅብረተ ሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን እያስተማረ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። የትምህርት ቤቱ ሐሳብ ከመነሻው በሽተኛው እስኪመጣ መጠበቅን ትቶ ወደ በሽተኛው መሄድ ነበረ ማለት ነው። የፊዚዮቴራፒ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርትም በ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ በአገራችን የተጀመረው በዚሁ በጎንደር ነው፤ ዛሬ በሁለተኛ ዲግሪም ይሰጣል። ከ2009 ዓ. ም. ጀምሮ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው በካናዳ ካለው ከክዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋራ በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ርዳታ ለ10 ዓመት የታቀደ የተሐድሶ ሥራ ይዟል። በዚህም አካል ጕዳተኛ የሆኑ ወጣቶች እንዲማሩ፥ መምህራንም ሄደው እንዲሠለጥኑ መንገድ ተከፍቷል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በዶክተርነት ማዕረግ የሚሰጥ የፊዚዮቴራፒ ትምህርት አለ።

«ታዲያ የመጀመሪያው ዲግሪ ስለ ምን አይበቃም?» የሚል ይኖራል። ለማከም ይበቃል፤ በዚያም ክብር አለ። ሁለተኛው ዲግሪ የሚጨምረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሌሎችን ማስተማር ነው፤ አንድ ባለሙያ በቀን የሚያየው በሽተኛ የተወሰነ ሲሆን፥ ያስተማራቸው ተማሪዎች ግን በየወረዳው ይበተናሉ። ሁለተኛው መመርመር ነው። በውጭ አገር የተጻፈው መጽሐፍ በሽተኛው አልጋ፥ ወንበርና የእጅ መደገፊያ ያለው ደረጃ እንዳለው አድርጎ ይናገራል። የእኛ በሽተኛ ግን ከመደብ ይነሣል፤ በበርጩማ ይቀመጣል፤ ለመጸዳዳት ቍጢጥ ይላል፤ ሲድንም በተዳፋት መሬት ላይ ሊያርስ ይመለሳል። ጉልበታቸውን የታመሙ እናት በዐቢይ ጾም «ልስገድ ወይስ ይቅርብኝ? ብሰግድስ ስንት?» ብለው ቢጠይቁ፥ መልሱን መርምሮ መስጠት ያለበት የዚህ አገር ሰው ነው።

ወደ ልጃችን ጉዳይ እንመለስ። መንገዱ እንዲህ ነው። ከ2015 ዓ. ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይፈተናል። ለሁለተኛ ዲግሪ የሚያመለክት ደግሞ ከ2016 ዓ. ም. የትምህርት ዘመን ወዲህ የትምህርት ሚኒስቴርን አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና ማለፍ ይኖርበታል። ከዚህም በላይ የትምህርት ማስረጃ፥ የምስክር ደብዳቤና፥ መሥሪያ ቤት ልኮ የሚያስተምር እንደ ሆነ የመሥሪያ ቤቱ የድጋፍ ደብዳቤ ይጠየቃል። ትምህርት ቤቱ በበኩሉ በጽሑፍ ወይም በቃል ይመረምራል። የየዓመቱ ማስታወቂያ ስለሚለያይ፥ ከጓደኛ አፍ ከመስማት ማስታወቂያውን ራሱን ማንበብ ይገባል።

ወደ ውጭ አገር የሚያስቡም አሉ። እነርሱ አስቀድመው አንድ ነገር ይለዩ። ዛሬ በአሜሪካ ወደ ሙያው የሚያስገባው ዲግሪ የዶክተርነት ማዕረግ ያለው ሲሆን፥ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ 3 ዓመት ይፈጃል፤ ክፍያውም ከባድ ነው። ይህ ትምህርት የተዘጋጀው ሙያውን ገና ለሚጀምር ሰው ነው። ሙያውን ይዞ አንድ ዘርፍ ሊያጠና ወይም ሊመራመር ለሚፈልግ ሰው የሚስማማው ሁለተኛ ዲግሪ ነው። ይህን ሳይለዩ ማመልከት ድካምንና ገንዘብን ማባከን ነው።

አሁን ልጅቱ ወደ ጻፈችው ማመልከቻ እንምጣ። በአምናው ማመልከቻዋ ዋና ክፍል፥ ማለት ስለ ምን መማር እንደምትፈልግ በምትገልጥበት ላይ፥ እንዲህ ይላል፤ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሰውን መርዳት እወዳለሁ። ታታሪ፥ ታማኝና ከሰው ጋራ ተግባብቼ የምሠራ ነኝ። ይህ ዕድል ቢሰጠኝ አገሬንና ወገኔን በቅንነት አገለግላለሁ።» ይህ ሁሉ እውነት ነው ብለን እናምናለን። ዳሩ ግን ስሟን ሸፍነን የሌላ ሰው ስም ብንጽፍበት ምንም የሚለወጥ ነገር የለውም። መቶ ማመልከቻ የሚያነብ መምህር እነዚህኑ ቃላት ከመቶው በብዙዎቹ ላይ ያገኛቸዋል፤ ስለዚህም ጸሓፊዋን ከሌሎቹ የሚለይበት ምክንያት ያጣል።

የዚህ ድክመት ሥሩ ከአስተዳደጋችን ነው። በእኛ አገር ልጅ የሚያድገው «ዝም አይነቅዝም» እየተባለ ነው። ስለ ራሱ የሚናገር ልጅ ባለጌ ይባላል፤ ሴት ልጅ ስትሆን ደግሞ ይብሳል። ይህ አስተዳደግ መልካም ፍሬ አለው፤ ትዕቢትን ይከለክላል። ነገር ግን ይኸው ልጅ አድጎ «ስለ ራስህ ጻፍ» ሲባል ጭንቅ ይይዘዋል። ራሱን ማመስገን ነውር መስሎ ስለሚታየው፥ ማንንም የማያሳፍር፥ ማንንም የማያስታውቅ የተለመደ ቃል ያሰፍራል። አንዳንዱም በሌላው ጥግ ይወድቅና ያልሠራውን ሠራሁ ይላል።

ከነዚህ ከሁለቱ የሚያወጣ መንገድ አባቶቻችን አስቀድመው አውቀውታል። በአብነት ትምህርት ቤት አንድ ተማሪ ትምህርቱን ሲፈጽም «አስመሰከረ» ይባላል። ድጓ የተማረው ወደ ጋይንት ወደ ቤተ ልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የተማረው ወደ ዙር አምባ ይወጣል፤ አቋቋም የሚማረው ወደ ጎንደር በዓታ ይመጣል። በዚያ ያለው መምህር «ትጉህ ነህን? ትምህርት ትወዳለህን?» ብሎ አይጠይቀውም። «ይህን በል» ይለዋል፤ ተማሪውም ይላል። በሚለው ውስጥ ትጋቱም፥ ከማን እንደ ተማረም፥ የቀረውም ይሰማል። እርሱ ራሱን አላመሰገነም፤ ሥራው መሰከረለት። ማመልከቻም በወረቀት ላይ ማስመስከር ነው። ልጃችን ስለ ጠባይዋ መናገርን ትታ ስለ ሥራዋ ብትናገር፥ ትሕትናዋም ይጠበቃል፤ አንባቢውም ያውቃታል።

ስለዚህም ማመልከቻውን ጽፈን በመላክ ፈንታ አራት ጥያቄ ላክንላት። አንደኛ፥ ከበሽተኞችሽ አብልጦ ያስተማረሽ ማን ነው? ሁለተኛ፥ ምን አደረግሽለት፥ ምንስ ተለወጠ? ሦስተኛ፥ ምን አቃተሽ? አራተኛ፥ ያ ያቃተሽ ነገር በምታመለክቺበት ትምህርት ቤት በየትኛው ትምህርት፥ በየትኛው መምህር ዘንድ ይፈለጋል? ልጅቱ በስልክ መለሰችልን። የነገረችንን በእርሷ ፈቃድ ባጭሩ እናሰፍራለን።

ግማሽ አካሉ የወደቀበት አንድ ገበሬ፥ ሕመሙ ከጀመረው ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ እርሷ መጣ። መጽሐፉ እጁን በኳስና በልዩ ልዩ መሣሪያ እንዲያለማምድ ያዝዛል፤ በክፍሏ ግን መሣሪያው አልነበረም፤ ገበሬውም በኳስ ሲጨብጥ እንደ ሕፃን የተጫወቱበት መስሎት ተቈጣ። እርሷም ልጁን ከቤት እርፍ እንዲያመጣ ላከችው። ገበሬው የሚያውቀውን እንጨት ባየ ጊዜ እጁን ዘረጋ። በእርፉ መጨበጥን፥ ቀጥሎም ተደግፎ መነሣትን ተለማመደ። ሁለት ወር ሳይሞላ በምርኵዝ መሄድ ጀመረ፤ የእጁ ጣቶች ግን እስከ መጨረሻው አልተዘረጉም።

ሌላዋ በሽተኛ እናት ነበሩ። ሁለት ጊዜ መጡና ቀሩ፤ ለመጓጓዣ የሚከፍሉት አልነበራቸውም። ከአምስት ወር በኋላ ሲመለሱ ክንዳቸው ታጥፎ ደርቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጅቱ በመጀመሪያው ቀን ከበሽተኛው ጋራ የመጣውን ዘመድ ማስተማር ጀመረች። ማንበብ ለማይችሉት እንቅስቃሴውን በሥዕል ሥላ ትሰጣቸዋለች። «ነገር ግን» አለችን፥ «በቤታቸው የሚለማመዱት ወደ ሆስፒታል ከሚመላለሱት እኩል ይሻላቸዋልን? አላውቅም። ማወቅ እፈልጋለሁ።»

አንባብያን ሆይ፥ ማመልከቻው ይኸው ነው! ይህን የመሰለ ቃል ማንም ሌላ ሰው ሊፈርምበት አይችልም። በዚህ ውስጥ «ታታሪ ነኝ» የሚል የለም፤ ታታሪነቷ ግን ይታያል። «ብልህ ነኝ» አላለችም፤ እርፉ ይናገርላታል። ያልተዘረጉትን ጣቶችና የደረቀውን ክንድ አለመደበቋም አይጐዳትም፤ የሚያስተምራት ሰው የሚፈልገው ትምህርቱ የት ላይ እንደሚያስፈልጋት ማወቅ ነውና። የመጨረሻው ጥያቄዋም ለምርምር የሚሆን እውነተኛ ጥያቄ ነው። የቀራት ነገር የትምህርት ቤቱን የትምህርት ዝርዝርና የመምህራኑን ጥናት አንብባ፥ ጥያቄዋ ከማን ጋራ እንደሚገናኝ ማሳየት ነው።

ስለ አጻጻፉ ጥቂት እንጨምር። ማመልከቻው በእንግሊዝኛ የሚጻፍ ስለ ሆነ ብዙዎች ከመዝገበ ቃላት ትልልቅ ቃል ይለቅማሉ። ይህ አያስፈልግም። ሐሳቡን አስቀድሞ በአማርኛ አጥርቶ መያዝ፥ ከዚያም በአጫጭር ዐረፍተ ነገር መጻፍ ይበቃል። ከሥራ ላይ ከተገኘ አንድ ነገር ይጀመር፤ ወደ ጥያቄው ይለፍ፤ ትምህርቱ ለጥያቄው ምን እንደሚሰጥ ይነገር፤ ከተማሩ በኋላ የት ሊሠሩ እንደታሰበ በመግለጥ ይፈጸም። የበሽተኛው ስምና መንደር፥ ማንነቱን የሚያስታውቅም ነገር ሁሉ ይቅር፤ የታመመ ሰው ምስጢር ለማመልከቻ አይሸጥም።

«እርሳቸው ቃል ያውቃሉ» ብላ በእኛ ማስጻፍን ስለ ማሰቧም የምንለው አለን። ዛሬ በአንዳንድ ኮምፒዩተር ቤት የተዘጋጀ ማመልከቻ ስም ብቻ እየተለወጠ ይሸጣል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለውም መሣሪያ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚያምር ደብዳቤ ያወጣል። ፊደልን ለማረም፥ የእንግሊዝኛውን ሰዋስው ለማቃናት፥ ትምህርት ቤቱ የፈቀደው እንደ ሆነ፥ ርዳታ መጠየቅ ነውር የለውም። ምስክርነትን ማስጻፍ ግን ሌላ ነገር ነው። መሣሪያው ገበሬውን አላየም፤ እኛም አላየነውም። ያላየ ሰው ቢመሰክር ቃሉ ቢያምርም ሐሰት ነው፤ በቃል ምርመራ ጊዜም «እስቲ ስለዚያ በሽተኛ ንገሪን» ባሏት ጊዜ የሌላ ሰው ቃል አፏ ላይ ይደርቃል።

በዚህ አጋጣሚ ለሥራ ባልደረቦቻችን ለመምህራንና ለሆስፒታል አለቆችም አንድ ነገር እናሳስባለን። የምስክር ደብዳቤ የሚለምነን ወጣት የወደፊት ሕይወቱን ይዞ መጥቷል። ለሁሉ አንድ ዐይነት ደብዳቤ እያባዙ መስጠት ልግስና መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ጐበዙንም ሰነፉንም አንድ ስለሚያደርግ የሚጐዳው ጐበዙን ነው። ሲሠራ ያየነውን አንድ ነገር እንጻፍለት። ያላየነው እንደ ሆነ፥ «ያየህ ሰው ቢጽፍልህ ይሻላል» ብንለው ደግነት ነው። አመልካቹም ቀኑ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው አይምጣ፤ አንድ ወር አስቀድሞ፥ የሠራውን ዝርዝር ይዞ ይምጣ።

ለእናትም እንመልስ። የእናት ሥጋት ከፍቅር የመጣ ስለ ሆነ በቀልድ አናልፈውም። ሆኖም የሁለተኛ ዲግሪ ዓመታት በቍጥር ጥቂት ናቸው፤ ልጅቱ ብትማርም ባትማርም ያልፋሉ። ትምህርትና ትዳርም አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ በጎንደር ከተማ ውስጥ ምሳሌ የሚሆኑ ብዙ ቤቶች አሉ። ልጅቱን የሚያጭ ሰው ቢመጣ ሙያዋን አስቀድሞ ይወቅ፤ የታመመን ሰው ደግፋ የምታነሣ ሴት ቤቷን ማቆም አያቅታትም። የሚያሳዝነውስ በአርባ ዓመቷ «ያኔ በከለከላችሁኝ ጊዜ» እያለች ብትኖር ነው።

አባት ደግሞ ሦስት ነገር ያድርጉ። በመጀመሪያ ሒሳቡን ከልጅዎ ጋራ ተቀምጠው ያስቡ፤ መሥሪያ ቤቷ የሚልካት እንደ ሆነ ደመወዟ ይቀጥላል ወይስ ይቋረጣል፥ ስትመለስስ ስንት ዓመት የማገልገል ግዴታ አለባት? ውሉን ሳያነቡ እንዳትፈርም። ሁለተኛ፥ ለመግቢያ ፈተናው የምታጠናበት ጊዜ ይስጧት፤ ከሥራ ውላ የምትገባ ልጅ የቤቱ ሥራ ሁሉ በእርሷ ላይ ከሆነ መቼ ታነባለች? ወንድሟ በዚህ ሊያግዛት ይችላል። ሦስተኛ፥ ዘንድሮም ሳትመረጥ ብትቀር ቤቱ የለቅሶ ቤት አይሁን። ቦታው ጥቂት፥ አመልካቹ ብዙ ነው። ምን እንደ ጐደላት በትሕትና ትጠይቅ፤ የጐደላትን ሞልታ ደግማ ታመልክት። እስከዚያውም በመጀመሪያ ዲግሪዋ የምታነሣቸው በሽተኞች አሉ፤ በየቀኑ የምትጽፈውም ማስታወሻ ለሚቀጥለው ማመልከቻ ስንቅ ይሆናታል።

በመጨረሻ አንድ ደስ የሚል ነገር እናስታውስ። የዓለም የፊዚዮቴራፒስቶች ማኅበር በፈረንጆች አቈጣጠር በ1951 ዓ. ም. ሴፕቴምበር 8 ቀን ተመሠረተ፤ ከ1996 ዓ. ም. ወዲህም ይኸው ቀን የሙያው ዓለም አቀፍ በዓል ሆኖ ይከበራል። ቀኑ በእኛ አቈጣጠር ጳጕሜን 3 ነው፤ የቅዱስ ሩፋኤል በዓል። ስሙ «እግዚአብሔር ፈወሰ» ማለት መሆኑን አንባቢ ያውቃል። መሥራቾቹ ቀኑን የመረጡት ይህን አስበው አይደለም፤ እኛ ግን በየዓመቱ በዚያ ቀን ለበሽተኞች ስንጸልይ፥ በእጃቸው ደግፈው የሚያነሡትንም ብናስባቸው መልካም ነው።

እንግዲህ አባታችን፥ «ምን ልበላት?» ላሉን መልሳችን ይህ ነው። እንዲህ ይበሏት፤ «ልጄ፥ መምህር አልጽፍም ብለዋል፤ የሚጻፈው በአንቺ ዘንድ ስላለ ነው። ስለ ገበሬው ጻፊ፤ ክንዳቸው ስለ ደረቀው እናት ጻፊ፤ የማታውቂውንም አላውቅም ብለሽ ጻፊ። እኔም የድርሻዬን አደርጋለሁ።» ማመልከቻውን ጽፋ ስትጨርስ ብትልክልን በደስታ እናነበዋለን፤ ፊደሉንም እናርማለን፤ ምስክርነቱ ግን የእርሷ ይሆናል።